ውጤቱ ለገበሬው ሳይደርስ ለተማሪው ማርክ አይሰጥ



ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ አፈር፣ ስለ ውኃና ስለ ደን የሚሰጡትን ትምህርት ከግቢ አውጥተው ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ ይስጡት የሚባለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። ይሁንና አንድ ግዴታ ካልተጨመረበት ድካሙ ሁሉ ለተማሪው ጉብኝት፣ ለገበሬው ደግሞ ሥራ መፍታት ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ግዴታው ይህ ነው፤ ተማሪው ከቀበሌ የወሰደው ናሙናም ሆነ መረጃ ውጤቱ ተመልሶ ለባለቤቱ ሳይደርስ የኮርሱ ማርክ እንዳይያዝለት።

የምጽፈው ከእጃጂ ነው፤ ሥራዬም ግብርና ላይ ነው። እጃጂ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። ከአምቦ ተነስቶ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮና ነቀምቴ የሚወርደው አስፋልት መሐሏን አቋርጦ ያልፋል። በስተምሥራቅ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጉደር ላይም በማሞ መዘምር ስም የተሰየመ ካምፓስ አለው። በስተምዕራብ ባኮ ላይ ቢኤች-660ን የመሳሰሉ የበቆሎ ዝርያዎች የወጡበት የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በሁለቱ መካከል የምንኖር ገበሬዎችና ባለሙያዎች የምሁራኑን መኪና ሲወጣና ሲወርድ እናያለን። እኛ ዘንድ የሚቆመው ግን ለመጠየቅ ሲሆን ነው፤ ለመመለስ ሲቆም አላየሁም።

ተማሪዎች አይመጡም አልልም። ይመጣሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ረዥም መጠይቅ ይዘው ገበሬውን ከጉልጓሎ አስቁመው ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ሄክታር፣ ስንት በሬ ይሉታል። ገበሬ ስለ መሬቱ ስፋት ሲጠየቅ ግብር ሊጨመርበት ይሁን ማዳበሪያ ሊመጣለት አያውቅምና እንደ ግምቱ ወይ አሳንሶ ወይ አብዝቶ ይናገራል። በዚህ መልስ ላይ ስንት ሠንጠረዥ እንደተሠራ ሳስብ ያሳዝነኛል። ጠያቂው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እንደሚመጣ ቢያውቅ ኖሮ ያው ገበሬ እውነቱን ይነግረው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች ከአንድ ጎረቤቴ ማሳ አፈር ወስደዋል። አወሳሰዳቸው የሚመሰገን ነበር። ማሳውን በዚግዛግ እየዞሩ ከየቦታው ቆፈሩ፤ ሥራሥሩንና ጠጠሩን ለቅመው በባልዲ አደባለቁ፤ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህሉን በላስቲክ ቋጥረው የባለቤቱንና የቀበሌውን ስም ጻፉበት። ጎረቤቴ አብሯቸው ቆፍሯል፤ እሸትም ጠብሶ አብልቷቸዋል። ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኘኝ በኦሮምኛ «ያ አፈሬ ምን አለ?» ይለኛል። የምመልስለት የለኝም። ልጆቹ ተመርቀዋል፤ የአፈሩ ነገርም በአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ጎረቤቴ የሚጠይቀው ትልቅ ጉዳይ ነው። የምዕራብ ሸዋ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለዘመናት አጥቦታል፤ አገዳው ለከብትና ለማገዶ፣ ኩበቱም ለምድጃ እየተነሳ ለመሬቱ የሚመለስለት ጠፍቷል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አልሙኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ በውድ የተገዛው የማዳበሪያ ፎስፈረስም አፈሩ ውስጥ ይታሰርና ሰብሉ አያገኘውም። ገበሬው የሚያየው ግን የበቆሎው ቅጠል ሐምራዊ መሆኑንና ምርቱ ከዓመት ዓመት መቀነሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ይበደራል። ሲመረው መሬቱን ባሕር ዛፍ ይተክልበታል።

መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ ይታወቃል። የግብርና ኖራ የሚፈጨውም ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ ጉደር ነው። ችግሩ መጠኑ ነው። ክፉኛ አሲዳማ ለሆነ አንድ ሄክታር 20 ወይም 30 ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል። ማዳበሪያ ሁለት ሦስት ኩንታል በአህያ ጭኖ የለመደ ሰው ይህን ሁሉ ከአስፋልት እስከ ማሳው የሚያደርስበት ጋሪ የለውም። ስለዚህ ኖራው ከመጫኑ በፊት የትኛው ማሳ ይፈልጋል፣ ስንት ይፈልጋል፣ የትኛውስ አያስፈልገውም የሚለው መታወቅ አለበት። ለዚህ የሚበቃው መልስ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ጎረቤቴ ሲጠብቅ የኖረው ያችን ወረቀት ነው።

ታዲያ ውጤት መመለስ የማንም ሥራ ሳይሆን እንዴት ቀረ? አንዱ ምክንያት የቆየ ነው። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በአሜሪካኖች እገዛ ሲቋቋም ማስተማሩ፣ ምርምሩና ገበሬውን ማማከሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የማማከሩ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ያስተምራል፣ ተመራማሪው ይመራመራል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደግሞ ባዶ እጁን ገበሬው ፊት ይቆማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከዩኒቨርሲቲ ተግባራት አንዱ ያደርገዋል። እስካሁን እኛ ጋ በአብዛኛው የደረሰን ግን የችግኝ ተከላ ቀንና የባነር ፎቶግራፍ ነው።

በአገራችን የተሻለ ተሠርቶ ያውቃል። ጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒተሪያኑ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ ባብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን ጅማ ነው። ጅማ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ ጀምሮ ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ መሠረተ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ሰፈርና ወደ ገጠር ይወርዳሉ፤ የሕዝቡን ችግር ይለያሉ፤ ዕቅድ ያወጣሉ፤ ከነዋሪው ጋር ይሠራሉ፤ ከዚያም ይገመግማሉ። ይህ ማርክ የሚያዝበት ትምህርት ነው። የሕክምና ተማሪ ይህን ማድረግ ከቻለ የአፈርና የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

የጊዜው ነገር ግን በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፤ የዩኒቨርሲቲና የገበሬ ዓመት አይገጥሙምና። በቆሎ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ተማሪው ያን ጊዜ ለፈተና ይቀመጣል። በሐምሌና በነሐሴ አረም ሲያስጨንቅ እሱ ቤተሰቡ ዘንድ ነው። በኅዳር አጨዳ ሲደርስ ገና የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ነው። ስለዚህ ኮርሱ በሁለተኛው ሴሚስተር ይጀመር። በየካቲት አፈር ይወሰድ፣ በመጋቢት ውጤቱ ይምጣ፣ በሚያዝያ ኖራው ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። በኅዳር ደግሞ ተከታዩ የተማሪ ቡድን መጥቶ ምርቱን ከገበሬው ጋር ይመዝን፣ ማሳውንም ከቀደመው ቡድን ይረከብ። ቀበሌው አንድ ይሁን፣ ቡድን ይተካካ።

የቋንቋው ጉዳይም ቀላል አይደለም። ተማሪው ከየክልሉ ተመድቦ ይመጣል፤ የእኛ ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ መጠይቁ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በየቡድኑ ኦሮምኛ የሚችሉ ተማሪዎች ይመደቡ፤ ለገበሬው የምትሰጠዋ ወረቀትም በቋንቋው ትጻፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም ትነበብለት። ከሌላ አካባቢ ለመጣውም ልጅ ቢሆን ይህ ትምህርት ነው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ተማሪው ጊዜ የለውም ይባላል፤ እንዲህ ከሆነ ኮርሱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይሰጥ። ጸጥታው አስተማማኝ አይደለም የሚለው ግን እውነት ነው። በዚህ አካባቢ የኖረ ሰው ሊክደው አይችልም፤ የሰው ልጅ ለማርክ ተብሎ አደጋ ላይ አይጣልም። መንገድ በሚዘጋበት ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ናሙናውን ወስዶ ይላክ፣ ተማሪዎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሥሩት፣ ውጤቱ በእኛ በኩል ይመለስ። ትምህርቱ በከፊል ይጎድላል፤ ገበሬው ግን መልሱን ያገኛል። በጀት የለም የሚለውን አልቀበልም። እነዚሁ ተማሪዎች በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ናሙና መሰብሰባቸው አልቀረም፤ እኔ የምጠይቀው ለዚያው ወጪ መመለሻ እንዲበጅለት ነው።

በተግባር የምጠይቀው ጥቂት ነው። መምህሩ ማርክ በሚያስገባበት ቅጽ ላይ ውጤቱን የተቀበለው ገበሬ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሚያርፍበት አንድ መስመር ይጨመር፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ቅጂውን ይያዝ። እዚህ እጃጂ ዙሪያ ካሉት የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት በአንዱ ለመጀመር ፈቃደኛ የሚሆን መምህር ካለ ገበሬዎቹን አነጋግሮ ማሳ ማዘጋጀቱን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እንወስደዋለን። ዝግጅት ክፍሉም ይህን ጥያቄ ለምዕራብ ሸዋም ሆነ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊዎች አቅርቦ መልሳቸውን ከሚቀጥለው የየካቲት ናሙና በፊት ቢያትምልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከእጃጂ