ነቀዝን ለማጥፋት ሲባል ቤተሰብ ለአደጋ መጋለጥ የለበትም

ገበሬው ከእርሻ እስከ ውቂያ የሚያፈሰው ላብና የሚያወጣው ገንዘብ ዋጋ የሚያገኘው እህሉ ጎተራ በመግባቱ ብቻ አይደለም። እህሉ እስከሚበላበት ወይም እስከሚሸጥበት ቀን ድረስ ሳይበላሽ መቆየት አለበት። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን በየጎተራው የነቀዝ ሲሳይ ሲሆኑ ይታያሉ።

የበቆሎ ነቀዝ ሴቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሙቀት ባለበት ቦታ በ5 ሳምንት ገደማ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን ቀድዶ ይወጣል። ብዙ ጊዜም ጥቃቱ የሚጀምረው ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። እንግዲህ ገበሬው በእህሉ ላይ ቀዳዳ ባየ ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ይህን የሚያውቅ ገበሬ በየዓመቱ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። አንደኛው መንገድ እህሉን እንደተወቃ ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋው በሚወርድበት በታኅሣሥና በጥር ገበያ ማውጣት ነው። እንዲህ ያደረገ ገበሬ ክረምት ሲገባ ያንኑ ዓይነት እህል በውድ ዋጋ ለመሸመት ይሰለፋል። ሁለተኛው መንገድ እህሉን በመርዝ ማቆየት ነው። የመጀመሪያው ኪስን ሲያራቁት ሁለተኛው ጤናን ይነካል።

በገጠር ገበያዎች በተለምዶ የነቀዝ መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠው እንክብል ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው መርዝ ነው። እንክብሉ የአየርና የእህል እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ሲሆን ሰውንም ይገድላል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው የታመመውን ሰው መደገፍ ብቻ ነው።

በመሆኑም መርዙ የሚያስፈልገው ጋዝ የማያፈስ መጋዘንና የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የገበሬው ጎተራ ግን በጭቃ የተለሰነ ስለሆነ ጋዙ በየስንጥቁ ይወጣል፤ ጎታው ከመኝታው ሥር በሚቆምበት ቤት ደግሞ ሕፃናትና አሮጊቶች ያንኑ አየር ሲተነፍሱ ያድራሉ። ጋዙ አፍስሶ ስለሚያልቅም እንቁላሉና ትሉ ሳይሞቱ ይቀራሉ፤ ከዚያ የተረፈው ነቀዝ መርዙን እየለመደ ይሄዳል። ገበሬው በገዛ ገንዘቡ አደጋ ገዝቶ ነቀዙንም ሳያጠፋ ይቀራል ማለት ነው።

በእህል ላይ ዲዲቲ መነስነስም ከዚህ የማይተናነስ ጥፋት ነው። በግንቦት 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲ እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ከመከላከል ውጭ ለሌላ ተግባር እንዳይውል ገድቧል። ይህ መርዝ በሰው ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል፤ በእናት ጡት ወተትም ወደ ሕፃን ይተላለፋል።

ከሁለቱ መጥፎ ምርጫዎች የሚያወጣ ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ለጥራጥሬ ማቆያ የተጀመረው ሥራ ነው። ከረጢቱ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ውስጠኛ ከረጢቶችና አንድ የውጭ ማዳበሪያ አለው። እህሉ ተሞልቶ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከዚያም መብላትና መራባት አቅቶት ይሞታል። መርዝ የሚባል ነገር አይገባበትም። አሳቡ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በሐረርጌ እህልን በጉድጓድ ቀብሮ ማቆየትም ጥቅሙ አየር በማፈን ነው። ጉድጓዱ የሚያስገባውን እርጥበት ግን ከረጢቱ አያስገባም።

ይሁን እንጂ ከረጢቱ ለሰነፍ አይሠራም። እርጥብ እህል ከተከተተበት ይሻግታል። በሻገተ እህል ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳና ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ፣ በማብሰልም የማይጠፋ መርዝ ነው። ስለዚህ በቆሎ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ እስኪወርድ በሸራ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ገበሬ ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ከትቶ ይነቅንቀው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ፀሐይ ያስፈልገዋል። ከሞላ በኋላም የሁለቱ ፕላስቲኮች አፍ በየተራ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ በጥብቅ ይታሰራል። ከረጢቱ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ መቀመጥና ከአይጥ መጠበቅ ይኖርበታል። ያልተበሳ ከረጢት ከአንድ ዓመት በላይ ደግሞ ያገለግላል።

ከረጢቱ ከተራ ማዳበሪያ ይወደዳል የሚለው የገበሬው ቅሬታ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በሙሉ መታየት አለበት። 10 ኩንታል በቆሎ ካስገባ ገበሬ 1 ኩንታሉ እንኳ በነቀዝ ቢበላ፣ የዚያ ኩንታል የክረምት ዋጋ ሲሰላ ከረጢቱ የወሰደውን ገንዘብ መመለሱ ይታያል። የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ወጪ የሚጠብቀው ገበሬ እህሉን በሙሉ ያቆይ ማለትም አይደለም። ዕዳውን የሚከፍልበትን ሸጦ፣ ቤተሰቡ በክረምት የሚበላውን በሁለትና በሦስት ከረጢት ማስቀመጥ ጥሩ ጅምር ነው።

ኃላፊነቱ ግን የገበሬው ብቻ ሊሆን አይገባም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከረጢቱን ከውቂያ በፊት በየቀበሌው ሊያቀርቡት ይገባል፤ እህሉ ከነቀዘ በኋላ የሚመጣ ከረጢት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም አንዱን ከረጢት በገበሬው ፊት ሞልተው አስረው፣ ከወራት በኋላ በዚያው ሕዝብ ፊት ቢፈቱት ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል። እናቶች የእህሉ ጠባቂዎች በመሆናቸው ከዚህ ትምህርት መቅረት የለባቸውም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መርዝ እንደ ከረሜላ በየመደብሩ እየተቆጠረ እንዲሸጥ አልፈቀደም። ተቆጣጣሪዎች ከከተማ መደብር አልፈው እስከ ገጠሩ የገበያ ቀን ድረስ መዝለቅ አለባቸው። አንድ ቤተሰብ ከእንክብሉ በኋላ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የመተንፈስ ችግር ቢገጥመው፣ ሁሉም ወዲያው ከቤት ወጥተው የታመመው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እንክብሉ መጀመሪያውኑ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነው።