አዲሱ ሰርቨር ያጋለጠው አሮጌ ስህተት

ሰርቨር በታደሰ ማግስት የሽያጭ ሪፖርት አልወጣ ይላል፤ ጥፋቱም በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ ይለጠፋል። በእኛ እምነት ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አሮጌው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የሲሚንቶ አከፋፋይ ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ይጠቀማል እንበል። «የእያንዳንዱን ደንበኛ ጠቅላላ ግዢና የተሸጠለትን ዋጋ አውጣልኝ» ብሎ ያዘዋል። ደንበኛው በሦስት ጊዜ በሦስት ዋጋ ገዝቶ ከሆነ ድምሩ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ሦስት ነው። የትኛው ይውጣ? አሮጌው ሰርቨር ምንም ሳይናገር ከሦስቱ አንዱን አንስቶ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስሪት 5.7 እና በ2018 የወጣው 8.0 ግን ቁጥር 1055 የስህተት መልእክት ሰጥተው እምቢ ይላሉ።

እዚህ ላይ አቋራጭ አለ። ባለሙያው «ኦንሊ ፉል ግሩፕ ባይ» የተባለውን ደንብ ያጠፋዋል፤ ሪፖርቱም ይወጣል። ሽያጭ ቆሞ ለአንድ ቀን ይህን ማድረግ ያስኬድ ይሆናል። እንደ ጥገና ተቆጥሮ ሲቀር ግን በዘፈቀደ በተነሳ ዋጋ ቅናሽ ይሰጣል፣ ዱቤ ይፈቀዳል፣ ትርፍ ይሰላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እውነተኛው ጥገና የሚጀምረው ከነጋዴው ነው። የሚፈለገው የመጨረሻው ዋጋ ነው? አማካዩ? ወይስ እያንዳንዱ ዋጋ በየመስመሩ? ይህን ባለቤቱ ይወስን፤ ባለሙያው ትዕዛዙን በዚያው መሠረት ይጻፍ።

ከዚህ የባሰው ድምፅ የማያሰማው ለውጥ ነው። እስከ 5.7 ድረስ «ግሩፕ ባይ» የመደበው ዝርዝር ራሱ በቅደም ተከተል ተሰልፎ ይወጣ ነበር፤ 8.0 ይህን ትቷል። የስህተት መልእክት የለም፤ ዝርዝሩ ብቻ ይዘበራረቃል። መድኃኒቱ «ኦርደር ባይ» ብሎ ቅደም ተከተሉን በግልጽ ማዘዝ ነው።

አምራቹ ኦራክል ለ5.7 ይሰጥ የነበረውን የተራዘመ ድጋፍ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ስላበቃ እድሳቱን መሸሽ አያዋጣም። ስለዚህ ባለሀብቱ ከባለሙያው ጋር ሲዋዋል አንድ ነገር ያስገባ፦ እድሳቱ አስቀድሞ በቅጂ ላይ ይሞከር፤ ያለፈው ወር ሪፖርት ከአሮጌውም ከአዲሱም ወጥቶ ጎን ለጎን ይመሳከር። ልዩነት ከተገኘ ሰርቨሩን ከመውቀስ በፊት እስከ ዛሬ በየትኛው ቁጥር ሲነገድ እንደኖረ ይጠየቅ።