«ተው» ማለት ሕክምና አይደለም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው ልጆች አሉ። በዚህ በወገራ ብርድ እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው ታጥበው ቆዳቸው የተሰነጣጠቀ። አንድ መስመር ጽፈው አሥሬ የሚሰርዙ፣ መልሱን እያወቁት የፈተና ሰዓት የሚያልቅባቸው። በር ቆልፈው አራት ጊዜ የሚመለሱ። ጸሎት ላይ አንዲት ቃል የሳቱ ከመሰላቸው እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምሩ። እኛስ ምን እንላለን? «ቅብጠት ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ተው በቃ!»

ነገሩ ስም አለው፤ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦሲዲ። ሙስሊም ወገኖቻችን «ወስዋስ» የሚሉት ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። «ቆሻሻ ነክተሃል»፣ «እናትህ ልትሞት ነው» የሚል ሐሳብ ሳይጠሩት ይመጣል። ልጁ ጭንቀቱን ለማብረድ ይታጠባል፣ ይቆጥራል፣ ይጠይቃል። ለጊዜው ቀለል ይለዋል፤ ነገ ግን ሐሳቡ በርትቶ ይመለሳል። ብዙዎቹ እኮ የሚያደርጉት ነገር ትርጉም እንደሌለው ያውቁታል! ስለዚህ ቁጣም ምክርም አይፈታውም።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 112 ልጆችን በአራት ቡድን ከፍሎ ለ12 ሳምንታት አከመ። ምልክታቸው እዚህ ግባ ወደማይባል ደረጃ የቀነሰላቸው፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ወደ 4 በመቶ፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 21 በመቶ፣ የንግግርና የልምምድ ሕክምና ብቻ ካገኙት 39 በመቶ፣ ሁለቱንም ካገኙት ደግሞ 54 በመቶ ገደማ ናቸው። ሁሉም አልዳኑም። ግን ከ4 ወደ 54 መሄድ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ልምምዱ ምን መሰላችሁ? ልጁ የሚፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ ይጋፈጣል፤ መታጠቡን ግን ያዘገያል። ዛሬ የበር እጀታ ነክቶ አምስት ደቂቃ ሳይታጠብ ይቆያል፣ ሌላ ቀን አሥር። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። አእምሮው «አሃ፣ ምንም አልመጣም» ብሎ ይማራል። ግን በሠለጠነ ሰው እየተመራ፣ በልጁ ፈቃድ ነው። በግድ ቆሻሻ ማስነካት ሕክምና ሳይሆን ጭካኔ ነው።

መድኃኒቱም ቢሆን ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ማቋረጥም አይገባም።

የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ከመድኃኒቱ ያላነሰ ውጤት ያመጣው ሕክምና ማሽን አይፈልግም፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አይፈልግም። የሚፈልገው የሠለጠነ ሰው ነው። ታዲያ ከአምባ ጊዮርጊስ አንድ ወላጅ ልጁን ይዞ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድረስ የሚወርደው ለምንድን ነው? የየወረዳው ነርስና የትምህርት ቤት አማካሪ ይህን ልምምድ ቢሠለጥን፣ ከባድ የሆነው ብቻ ጎንደር ቢላክስ?

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ልጁ «እጄ ንጹሕ ነው?» ብሎ ሃያ ጊዜ ሲጠይቅ ሃያ ጊዜ «አዎ» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ ግን ሕመሙን ይመግበዋል። ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።

ጸበሉን ማንም አይከለክልም። ሁለቱ አይጣሉም። በጸሎቱ ለሚጨነቅ ልጅም የንስሐ አባቱ «አንድ ጊዜ ይበቃሃል» ቢሉት ሐኪሙን ያግዛሉ። ጸበል ወስዶ ሐኪም መከልከል ግን ልጁን ዓመታት ያስከፍለዋል።

ሳይካትሪ ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት የሆናችሁ ልጆቼ፣ ክረምት ላይ ስትመጡ ለመምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ብትሰጡን? ክፍል ማዘጋጀቱን ለኔ ተዉት። ፈቃደኛ የሆነ ውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።