ለጥፍር ዘይት መቀባት ቅንጦት ነው እንዴ?

በዛሬው አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የቅምጥሎች ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ጥፍርንና በጥፍር ዙሪያ ያለውን ቆዳ ዘይት ስለመቀባት ነው። «ለድስት ያልበቃ ዘይት ለጥፍር?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው፤ ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ እያንዳንዱ ማንኪያ ይቆጠራል። እኛም ቆጥረን ነው የመጣነው።

እስቲ እጃችሁን ተመልከቱ። ከጥፍሩ ሥር እንደ ጠርዝ ሆኖ የሚታይ ስስ ቆዳ አለ። ብዙ ሰው ትርፍ ነገር እየመሰለው በጥርሱ ይነጨዋል፣ በምላጭ ይቆርጠዋል። ቆዳው ግን ትርፍ አይደለም፤ በጥፍርና በሥጋ መካከል ያለችውን ክፍተት የሚዘጋ ክዳን ነው። ክዳኑ ሲሰነጠቅ ጀርም ይገባል። ጣት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዝ ያድራል፣ መግልም ይቋጥራል። ጣቷ ያበጠ እናት ሊጥ አታቦካም፣ ልብስ አታጥብም፣ ሹሩባም አትሠራም። ጣቱ ያበጠ ተማሪም እርሳስ አይጨብጥም። በካምፕ ኑሮ ደግሞ ከእጃችን ሌላ ምን ካፒታል አለን?

ቆዳው ለምን ይሰነጠቃል? እንደ ካኩማ ባለ ሞቃትና ነፋሻ ቦታ ደረቁ አየር ራሱ የቆዳን እርጥበት ይወስዳል። በዚያ ላይ የልብስ ሳሙናው፣ ኦሞውና በረኪናው የተፈጥሮ ቅባቱን ያጥቡታል። እኛ አስተማሪዎችም ከጠመኔው አላመለጥንም። የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት አሴቶንም ያው ነው፣ ያደርቃል። ጥፍር ውሃ ሲነካው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በቀን አሥር ጊዜ ሲደጋገም እንደ አሮጌ ጣውላ መላጥና መሰንጠቅ ይጀምራል።

ዘይት ጥፍርን አያሳድግም፣ ያመረቀዘ ቁስልም አያድንም። ሥራው ሌላ ነው፦ ስስ ሽፋን ሆኖ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይይዛል፣ ቆዳውንም ያለሰልሳል። ለስላሳ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ አይሰነጠቅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በጠብታ ሲቆጠር 100 ያህል ነው። ለአሥሩም ጣት በየማታው ሁለት ጠብታ ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት እንግዲህ ለአንድ ሰው 50 ሌሊት ያህል ትሆናለች ማለት ነው። ቅንጦት ይባላል ይሄ?

አቀባቡም ቀላል ነው። ማታ የቤት ሥራ ሲያልቅ እጃችሁን ታጠቡና አድርቁት፤ ቆዳው ገና ለስለስ እንዳለ በየእጁ አንድ ጠብታ አድርጉ። ከዚያም በአውራ ጣት የእያንዳንዱን ጥፍር ሥርና ዳር አሹት። የምግብ ዘይት፣ የሰሊጥ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይሆናል። የተጠበሰበት ዘይት ግን አይሁን። በጥፍር ዳር የተነሳ ቆዳ ካለ አትሳቡት፤ የተነሳውን ጫፍ ብቻ በንጹሕ የጥፍር መቁረጫ ቁረጡት። ቆዳው በጥቂት ቀናት ሲለሰልስ ታያላችሁ። ለጥፍሩ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል።

ጥፍር እየሠራችሁ ለምታድሩ እህቶቻችንም አንድ ምክር አለን። ዘይት በነካው ጥፍር ላይ ቀለም አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥፍሩን አጽዱና ቀለሙን ቀቡ፤ በደንብ ሲደርቅ ዙሪያውን ዘይት አስነኩት። ደንበኛችሁ ብትለምናችሁም እንኳ የጥፍሯን ሥር ቆዳ አትቁረጡ። በአንዷ ደም የተነካ መቁረጫ ለሌላዋ የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ብረቱን በሳሙና አጥባችሁ 20 ደቂቃ ቀቅሉት። ምላጭ ከሆነ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ተጠቅሞ መጣል ነው። እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ ጥፍራቸውን ያቀሉ ነበር እንጂ ቆዳቸውን አልቆረጡም!

ጣት መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ወደ እጅ ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሰውየው የስኳር ሕመም ካለበት ነገሩ ከዘይት አልፏል። ቤት ውስጥ በመርፌ አትብጡት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ሁለት ጠብታ አለችላችሁ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!