ስለ ቅርጫት ኳስ መዝገብ ጸሓፊ

ልጆቻችን በየትምህርት ቤታቸው የሚጫወቱትን የቅርጫት ኳስ ለማየት የሚሄድ ሰው ሁሉ ዓይኑን በኳሱና በውጤቱ ሰሌዳ ላይ ያደርጋል እንጂ፥ በሜዳው ዳር ከጠረጴዛ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፈውን አያይም። እኛም ልጃችን ለዚሁ ሥራ እስክትመረጥ ድረስ እንደ ሌላው ሰው ነበርን።

ይህ ጨዋታ በ1891 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ጄምስ ናይስሚዝ በሚባል መምህር በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲፈጠር ለጸሓፊ የሚያደክም አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን የገባው አንድ ኳስ ብቻ ነውና፥ ጸሓፊ ቢኖር አንዲት ጭረት አስፍሮ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። ዛሬ ግን ሥራው ብዙ ነው። በወረቀቱ ላይ ቍጥሮች ከ1 ጀምሮ በተርታ ታትመዋል። በጨዋታ ኳስ ሲገባ ጸሓፊዋ ቍጥሩን በሰያፍ ጭረት ትሰርዛለች፤ በቅጣት ውርወራ አንድ ነጥብ ሲገኝ በቍጥሩ ላይ ድፍን ክብ ታኖራለች፤ ከሩቅ ተወርውሮ 3 ነጥብ ያስገኘ እንደ ሆነ የተጫዋቹን ቍጥር በክብ ታጥራለች። ለ1ኛውና ለ3ኛው ሩብ አንድ ቀለም፥ ለ2ኛውና ለ4ኛው ሌላ ቀለም ትይዛለች። 5 ጥፋት የሞላበት ተጫዋች ከሜዳ ይወጣልና፥ የእያንዳንዱንም ጥፋት ትቈጥራለች። ሰሌዳውን የሚለውጠው አጠገቧ የሚቀመጠው ረዳት ነው። ሰሌዳውና መዝገቡ ቢለያዩና ነገሩ ሊታረቅ ባይችል፥ ሕጉ የሚያምነው መዝገቡን ነው።

እንግዲህ በአንድ ቅዳሜ በጉለሌ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሆነውን እንናገር። ሰሌዳው የእንጨት ሆኖ ቍጥሮቹ በምስማር የሚሰቀሉ ናቸው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ወረቀቱን እንዳይወስድባት ልጃችን ትንሽ ድንጋይ ጭናበት ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሰሌዳው የእርሷ ትምህርት ቤት 33 ለ32 እንዳሸነፈ አሳየ፤ ተማሪውም እየዘለለ ሜዳውን ሞላው። ልጃችን ግን እጇን አነሣች። በመዝገቧ 32 ለ32 ነበረ።

ልዩነቱን በ3ኛው ሩብ መጨረሻ አይታ ልትናገር ይገባት ነበር፤ ይህ ጥፋቷ ነው፥ እርሷም አልካደችም። ዳኛው ወደ ጠረጴዛው በመጣ ጊዜ፥ ከትምህርት ቤቱ ሰዎች አንዱ ጐንበስ ብሎ «አንዲት ነጥብ ምን አላት? ያንቺው ትምህርት ቤት እኮ ነው» ሲላት በጆሯችን ሰማን። እርሷ ምንም ሳትመልስ ጣቷን በወረቀቱ ላይ አኖረች። በዚያም በቀይ ቀለም፥ ማለት በ3ኛው ሩብ፥ የተጻፈ አንድ ድፍን ክብ ነበረ፤ ጭረት አልነበረም። ሰሌዳውን የያዘው ልጅ እያጨበጨበ ለቅጣት ውርወራው ሁለት መስቀሉን በዚያን ጊዜ አስታወሰ፥ አመነም። 5 ደቂቃ ተጨመረ፤ እንግዶቹም በ3 ነጥብ አሸነፉ። ልጃችን በወረቀቱ ላይ ስሟን ስትፈርም ከጓደኞቿ አንድም አጠገቧ የቆመ አልነበረም።

በታላላቆቹም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። በ1972 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የእኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ሦስተኛ በወጣበት በሙኒክ ኦሊምፒክ፥ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል በተደረገው የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ የመጨረሻዎቹ 3 ሴኮንዶች እየተመለሱ ተደገሙ፤ ሰዓቱም በትክክል ሳይስተካከል ጨዋታው ተጀምሮ ነበር። ሶቪየቶች 51 ለ50 አሸነፉ። የብራዚሉ ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ ግን በውጤቱ ወረቀት ላይ አልፈርምም አለ፤ አሜሪካውያኑም የብሩን ሜዳልያ አንቀበልም አሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያወከው በጠረጴዛው ላይ የተሠራ ሥራ ነው።

እኛ ኑሯችን በችሎት ጽሕፈት ስለ ሆነ ነገሩ ይገባናል። ይግባኝ ሲባል ወደ ላይኛው ዳኛ የሚሄደው በአደባባይ የተጮኸው ሳይሆን የተጻፈው ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ልጃችን እራቷን ሳትነካ ተቀመጠች። ሰኞ በክፍል አጠገቧ እንደማይቀመጡ ጓደኞቿ ነግረዋት ኖሯል። እናቷ ብትለምናት አልበላ አለች። ኋላም ቀና ብላ «አባባ፥ እርስዎ በችሎት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችን። በወጣትነታችን፥ የአንድ መዝገብ ቀን እንድንለውጥ አንድ ትልቅ ሰው በለሆሳስ የነገረን ትዝ አለንና «አዎን፥ ገጥሞናል» አልናት። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግን ግን አልጠየቀችም፤ እኛም አልነገርናትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱን ብዕሮቿን በደብተር ቦርሳዋ ስትከት አየናት። ድንጋይዋንም አልረሳችም።