ወርቅ ላበደረ ጠጠር

በመካነ ሰላም የገበያ ቀን አንድን አባት፣ «ልጅዎ እንደምን ነው? ወዴት ደረሰ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ወደ ወርቁ ወረደ» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጃቸው የሰው ገንዘብ የሰረቀ ይመስል ያፍራሉ። ይህን ኀፍረት ያስተማራቸው ማን ነው? እኛው ነን፤ የተማርን የምንባለው፣ በወንበርና በጠረጴዛ መካከል ተቀምጠን «ሕገ ወጥ» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ላይ በቀላሉ የምንጽፈው።

ልጁ ስለ ምን እንደ ሄደ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከሰሜን በበሽሎ፣ ከምዕራብ በዓባይ ሸለቆ የታጠረ ነው፤ እርሻውም ከአባት ወደ ልጆች ሲካፈል እያነሰ ሄዷል። መንገዱም አዲስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ መንግሥት ብዙ የወሎ ገበሬዎችን በጋምቤላ፣ በመተከል፣ በአሶሳና በኢሉባቦር አስፍሯቸው ነበር። የዛሬው ወጣት ወደ ምዕራብ ቆላ ሲወርድ ከእርሱ በፊት የነበሩት የረገጡትን መንገድ ይዞ ነው።

ወርቅ ካለባቸው ቆላዎች አንዱ በጋምቤላ ክልል ያለው የዲማ ወረዳ ነው። በዚያ የሚያልፈው የአኮቦ ወንዝ ወደ ታች ሲወርድ ኢትዮጵያን ከደቡብ ሱዳን የሚለይ ወሰን ይሆናል። እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር ቆፋሪው አፈሩን ከጉድጓድ አውጥቶ በገበታ ያጥበዋል፤ ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ከባዱ ወርቅ ከሥር ይቀራል። ከጥቂት ወራት በኋላ የላስቲክ ጎጆዎች ይበዛሉ፤ ሻይ የምታፈላው ትመጣለች፣ ነጋዴው ይመጣል፣ ወባም ይመጣል። የማይመጡት መምህር፣ ሐኪምና ዳኛ ብቻ ናቸው። ነጋዴው ስንቁን አስቀድሞ ያበድራል፤ ወርቁ በተገኘ ጊዜም በራሱ ሚዛን መዝኖ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስደዋል።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንመርምር። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን አምራችን ያውቀዋል፤ ፈቃድ የሚያገኝበትንም በር ከፍቷል። ወርቁን ብሔራዊ ባንክ ይገዛል። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ለአገራችን ያስገባው የውጭ ምንዛሪ ከቡና የበለጠ ነበር፤ ከዚያም ወርቅ ብዙው ከባህላዊ አምራቾች እጅ የወጣ ነው። ወርቁ በባንክ ሲገባ የአገር ሀብት ይባላል፤ ያወጣው ሰው ግን በወንዙ ዳር ሳለ ወንጀለኛ ይባላል። ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

«በዚያ መንደር ስካርና ጠብ አለ፤ ወንዙ ይደፈርሳል፤ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የሚሉት መርዝ ይገባበታል» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልክድም። የባዜቃ ጢስ የሰውን ነርቭ ይጎዳል፤ የተመረዘውም ውሃ ከታች ያለውን ዓሣ አጥማጅ ይደርሰዋል። ከሁሉ በፊት የአገሩ ባለቤቶች፣ አኙዋውና ሱሪው፣ በመሬታቸውና በወንዛቸው ላይ ያላቸው መብት መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ዳኛ በሌለበት ጠብ ቢበዛ፣ አስተማሪ በሌለበት መርዝን በባዶ እጅ ቢይዙት የሚያስደንቅ አይደለም። ጎጆውን ማቃጠልም መድኃኒት አይሆንም፤ የተባረረው ሰው በማግሥቱ ከማዶው ጉድጓድ ይቆፍራል። ሩቅ መሄድም አያሻንም፤ በ2016 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ፣ የኦፓል ዋሻ ተንዶ ቆፋሪዎችን ከውስጥ ዘግቶባቸዋል። ያን ገደል ስድብ ሊደግፈው አልቻለም፤ የሚደግፈው እንጨትና የባለሙያ ምክር ነበር።

ይህ ንቀት የቆየ በሽታችን ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት ነጋዴው ኮስማስ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሩቅ አገር ሄደው፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ በወርቅ ለውጠው ይመለሱ ነበር። ያን ጊዜ የቋንቋ ልዩነት ምክንያት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከወርቅ አውጪው ጋር የማንነጋገረው በምን ምክንያት ነው? አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ ስሙን ለውጦ በማኅተም ይወጣል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ቆፋሪው ይመዝገብ፤ ፈቃዱን ለማውጣት ቀናት ተጉዞ የሚደክም አይሁን። ትክክለኛው ሚዛን ወደ እርሱ ይቅረብ፤ ከሚዛኑም ጋር ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና ዳኛ ይምጡ። ከዚህ በኋላ ሕግ የሚጥስ ቢገኝ ይቀጣ፤ ሕጉን ሳናደርስለት ግን ሕገ ወጥ ልንለው አይገባንም።

አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት ውለታ ቢስን ለመገሠጽ ነው። የመካነ ሰላሙ አባት ልጃቸው ያለበትን በሙሉ ድምፅ የሚናገሩበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ ተግሣጹ የሚነካው እኛን ነው።