እጇ የደነዘዘባት የሱቅ ሠራተኛ ምን መብት አላት?

ሌሊት እጇ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ ደንዝዘው ታገኛቸዋለች። ተነሥታ ትቀመጥና ታራግፋቸዋለች፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቃታል። ሲነጋ ግን ልጆቿን አብልታ ወደ ሥራ ስትሄድ ሚዛን የሚይዘው ያው እጅ ነው።

ይህችን እናት ያገኘናት በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በይጁቤ ነው። ባሶ ድሮም የገበያ አገር ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የሚሻገሩ ነጋዴዎች ቡናና ወርቅ ይዘው የሚመጡበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። እርሷም በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ተቀጥራ ስትሠራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስሟን እንዳናወጣ ስለ ጠየቀችን አናወጣም። ስኳሩን ከከረጢት በጣሳ እየዛቀች ትመዝናለች፤ ዘይቱን ከጀሪካን ትገለብጣለች፤ ፌስታሉን ትቋጥራለች። በገበያ ዕለት ይህንኑ ስትደጋግም ይመሻል።

ሕመሙ ሲጀምራት እናቷ በቅቤ አሿት። ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ። ወጌሻም ዘንድ ሄዳ ነበር። ጣሳው ከእጇ መውደቅ ሲጀምር ነው ደብረ ማርቆስ ሄዳ ሐኪም ያየችው። ሐኪሙም የእጅ አንጓዋ ላይ ነርቭ ተጭኗል አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእጃችን አንጓ ላይ በአጥንትና በጠንካራ ጅማት የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ በዚያ ተጣበው ያልፋሉ። አንጓን አጥፎና ጨብጦ ተመሳሳይ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም በጅማቶቹ ዙሪያ ያለው ሽፋን ያብጥና ነርቡን ይጫነዋል። ሕክምናው ዓለም ካርፓል ተነል ይለዋል። ትንሿ ጣት በሌላ ነርቭ ስለምትታዘዝ አትደነዝዝም፤ ይህም አንዱ መለያው ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ድጋፍ፣ በመርፌ፣ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። ችላ ከተባለ ግን የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይመነምናል፤ ያን መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሕመሙን ብቻ ለመንገር አልጻፍንም። ያሳሰበን እናቲቱ በቦርሳዋ ይዛው የነበረው የሕክምና ወረቀት ነው። ወረቀቱ የበሽታውን ስምና የዕረፍቱን ቀን ይናገራል፤ በምን ሥራ ላይ እንደ ደረሰባት ግን አንድ ቃል የለበትም። ያ አንድ ቃል ስንት ብር እንደሚያወጣ እናስላ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ምክንያት ያልመጣ ሕመም የያዘው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። የወር ደመወዟ 4,000 ብር የሆነ ሴት ሥራ መሥራት ሳትችል ብትቆይ፣ በመጀመሪያው መንገድ የምታገኘው 8,000 ብር ሲሆን በሁለተኛው እስከ ዓመት 33,000 ብር ይደርሳል። የሕክምናው ወጪም፣ ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ ጭምር፣ በአሠሪው ላይ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም።

እጁ ሳይድን ቢቀርስ? የጉዳቱን መጠን የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ጡረታ የሚቆረጥላት ሠራተኛ መድን ካልተገባላት በጡረታው ሕግ ትስተናገዳለች። የጡረታ ሽፋን ለሌላት አሠሪው ራሱ ይከፍላል፤ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዟን አምስት እጥፍ፣ ለከፊሉ ደግሞ በመቶኛው ልክ። የ4,000 ብር ደመወዝተኛዋ ጉዳት 10 በመቶ ነው ቢባል 24,000 ብር ማለት ነው። እዚህ ላይ እናቶች፣ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ በእርግጥ እየተቆረጠ ገቢ መሆኑን ጠይቁ። ተቆርጦ ገቢ ሳይሆን የቀረ እንዳይሆን።

የሱቁ ባለቤት ክፉ ሰው አይደሉም። ስናነጋግራቸው ግን ያሉት ይህን ነው፦ «እቤቷስ ሊጥ ታቦካ የለም እንዴ? ልብስ ታጥብ የለም? ከእኔ ሱቅ ነው የመጣ ማን አለ?» ይህን ክርክር ብዙ እኅቶች ይሰሙታል። እውነት ነው፣ ሴት በሁለቱም በኩል ትሠራለች። እርግዝናም፣ የስኳር በሽታም፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ይህን ነርቭ ሊያስጨንቁ ይችላሉ። ነገር ግን እቤት ማቡካቷ በሱቅ በቀን ስምንት ሰዓት መዛቋን አይሰርዘውም። በአንድ የሥራ ዓይነት ላይ በተሰማሩ ሰዎች ብቻ አዘውትሮ የሚታይ በሽታ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በሥራ የመጣ ነው ተብሎ እንደሚገመት አዋጁ ይናገራል፤ ይህ ካልተሟላም ሠራተኛዋ ከሥራዋ የመጣ መሆኑን በራሷ ማስረጃ ማስረዳት ትችላለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ ወለድ በሽታዎች ዝርዝር ካርፓል ተነልን በስሙ ጽፎታል፤ ኃይል የሚጠይቅ ተደጋጋሚ ሥራና አንጓን አጣሞ መሥራትን ከምክንያቶቹ ቆጥሮ።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «እጄን አመመኝ» ብላችሁ አትመለሱ። ምን እንደምታነሡ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ፤ እንዲጻፍላችሁም ጠይቁ። ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቁና አንድ ቅጂ እቤት አስቀምጡ። «ውል የለኝም» የምትሉም ብዙ ናችሁ፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፣ የሥራ ባልደረባም ምስክር ይሆናል። ካልተግባባችሁ በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። መብቱ ግን በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳልና አትዘግዩ። «ይሻለኝ ይሆናል» እያሉ ዓመት ያሳለፉ ጥቂት አይደሉም።

የይጁቤዋ እናት ወረቀቷ እንዲሟላላት በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደብረ ማርቆስ ትመለሳለች። ባለሱቁ እስከዚያው ከሚዛኑ አንሥተው ገንዘብ መቀበያው ላይ አስቀምጠዋታል። ብሩን በግራ እጇ እየቆጠረች ነው።